እምቢ ባይና እምቢተኛ

አማርኛ ስንት ዓይነት የእምቢታ መንገድ እንዳለው ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ከታች ስንጀምር ‹‹ይቅርብኝ›› አለ። ‹‹ይለፈኝ›› አለ። ‹‹እስኪ እናያለን›› አለ፤ ይኼኛው እምቢታ መሆኑን የምናውቀው አብረን ስለኖርን ብቻ ነው። ለማኝ እጁን ሲዘረጋ ‹‹እግዜር ይስጥህ›› እንላለን፤ እኔ አልሰጥህም ማለታችን ነው፣ ግን በምርቃት ጠቅልለን። ትንሽ ከፍ ሲል ‹‹ኧረ ተወኝ›› ይመጣል። ከዚያ ‹‹አይሆንም››፣ ‹‹አልቀበልም››። ነገሩ ሁሉ ከተበላሸ በኋላ ደግሞ ‹‹በመቃብሬ ላይ!›› አለ። ከዚህ ሁሉ መካከል ግን እንደ ‹‹እምቢ›› አጭር፣ ደረቅና የማያሻማ ቃል የለም። ሦስት ፊደል ናት። ምክንያት አትሰጥም፣ ይቅርታ አትጠይቅም፣ ለነገ ቀጠሮ አትይዝም። የሰማት ሰው ‹‹ምን ማለትህ ነው?›› አይልም፤ የሚለው ‹‹ለምን?›› ነው።

የቃሏ ትውልድ የቆየ ነው። ግእዝ ‹‹አበየ›› ይላል፤ እምቢ አለ ማለት ነው። ትግርኛ ይህንኑ ቃል እስከ ዛሬ ‹‹ኣበየ›› እያለ ይሠራበታል። ዐረብኛም ‹‹አባ›› ሲል እምቢ አለ ማለቱ ነው። የሚገርመው ዕብራይስጥ ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ከዚሁ ዘር የሚቆጥሩት የዕብራይስጡ ‹‹አባ›› ትርጉሙ ተገልብጦ ‹‹ፈቀደ፣ እሺ አለ›› ሆኗል። ነገር ግን በብሉይ ኪዳን ውስጥ ይህ ግሥ ብቻውን የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው፤ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አሉታ ይቀድመዋል፦ አልፈቀደም፣ አልወደደም። እንግዲህ እሺታና እምቢታ ከአንድ ግንድ የበቀሉ ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው ማለት ነው። ለእኔ ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይታየኝም። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ሲል እሺታው ምን ዋጋ አለው? የታሰረ ሰው ‹‹የትም አልሄድም›› ብሎ ቃል ቢገባ ማን ያመሰግነዋል?

የአማርኛ ሰዋስው ደግሞ የራሱን ነገር ጨምሮበታል። ‹‹እምቢ›› እንደ ሌላው ግሥ ብቻዋን አትረባም። ‹‹እምቢ አልኩ፣ እምቢ አልሽ፣ እምቢ አሉ›› እየተባለች ‹‹አለ›› ጫንቃ ላይ ተፈናጥጣ ነው የምትሄደው። ማለትም በአፍ መነገር አለባት፤ በሆድ የተያዘች እምቢ ገና እምቢ አልሆነችም። ነገሩ ሲብስ ‹‹እምቢኝ አሻፈረኝ›› ይመጣል። መጨረሻው ላይ ያለችውን ‹‹ኝ›› ተመልከቷት። ‹‹ራበኝ፣ ጠማኝ፣ አመመኝ፣ ከፋኝ›› የምንልባት ‹‹ኝ›› ናት። ሰው መርጦ አይራብም፤ ረኀብ ይመጣበታል እንጂ። ‹‹አሻፈረኝ›› የሚል ሰውም እምቢታውን አስቦበት ያመጣው ሳይሆን እምቢታው ራሱ መጥቶ የያዘው ይመስላል። ከዚህ ደረጃ የደረሰን ሰው በመመሪያ ቁጥር መመለስ አይቻልም። ጉዳዩ አሳብ መሆኑ ቀርቶ ሕመም ሆኗልና።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ከዚህች ቃል አማርኛ ሁለት ሰዎችን ወልዷል። አንደኛው ‹‹እምቢ ባይ›› ነው፤ ሁለተኛው ‹‹እምቢተኛ››። እምቢ ባይ ጀግና ነው። ‹‹እምቢ ለአገሬ›› ብሎ የሚፎክር ነው። አቡነ ጴጥሮስ እምቢ ባይ ናቸው፤ አርበኞችን አውግዙ ሲሏቸው አላወግዝም ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደበደቡ፤ ሐውልትም ቆመላቸው። እምቢተኛ ግን ሌላ ሰው ነው። እምቢተኛ ልጅ ነው፤ እምቢተኛ በቅሎ ነው፤ እምቢተኛ ሠራተኛ ነው። እናት ለጎረቤቷ ‹‹ይሄ ልጅ እምቢተኛ ሆነብኝ›› ስትል ምክር እየጠየቀች እንጂ እየተኩራራች አይደለም። እስኪ ‹‹እሺተኛ›› የሚባል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። እምቢን የሚያበዛ ስም ወጥቶለታል፤ እሺን የሚያበዛ ግን እንደ በሽተኛና እንደ ጥፋተኛ ተቆጥሮ ስም አልወጣለትም።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ በተባለው ነገር ላይ አይደለም እላለሁ። የተባለው ነገር ያው አንድ ቃል ነው። ልዩነቱ ለማን ተባለ በሚለው ላይ ነው። ለባዕድ ሲባል እምቢ ባይ፤ ለእኛ ሲባል እምቢተኛ!

የባሕላችን ሚዛን ለእሺ እንደሚያደላ ግልጽ ነው። ‹‹እሺ ይበልጣል ከሺ›› እንላለን። ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ብዙ ጠብ አብርዷል፣ ብዙ ቤት አቁሟል። ነገር ግን ይህ ምሳሌ ቢሮ ሲገባ ምን እንደሚሆን የማያውቅ የለም። ባለጉዳይ ይመጣል። ጉዳዩ እንደማይሆን ጸሐፊዋም ታውቃለች፣ ኃላፊውም ያውቃል፣ ዘበኛውም ሳይገምት አይቀርም። ‹‹አይሆንም›› የሚለው ግን ይጠፋል። ‹‹እሺ፣ ነገ ብቅ በል›› ይባላል። ነገ ‹‹ስብሰባ ላይ ናቸው››። ከነገ ወዲያ ‹‹ፋይሉ እየታየ ነው››። ሰውየው ከገጠር በእግሩ መጥቶ እንደሆነ፣ ለምሳ ተበድሮ እንደሆነ ማንም አይጠይቅ። በሦስተኛው ወር ራሱ ተስፋ ቆርጦ ይቀራል። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ሁሉም ጨዋ ነበሩ። ሦስት ወር ዕድሜውን ግን በእሺታ ዘርፈውታል።

አንድ ጊዜ ገንዘብ ቸግሮኝ ሁለት ወዳጆቼን ብድር ጠየቅኳቸው። አንደኛው ‹‹እሺ፣ ምን ችግር አለ!›› አለኝ። ሁለተኛው ‹‹ወንድሜ፣ የለኝም፤ ቢኖረኝም ዘንድሮ ለማንም አላበድርም›› አለኝ። ሁለተኛው ጋ በሄድኩበት ቀን ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኩን ሲዘጋብኝ፣ መንገድ ላይ ሲያየኝ ሲታጠፍ፣ በመጨረሻ ‹‹እንዴ፣ ረሳሁት!›› ሲለኝ፣ ያን ደረቅ ሰው አመሰገንኩት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነጻ አውጥቶኛላ! ሌላ መፍትሔ ፍለጋ የሄድኩት በእሱ እምቢታ ጉልበት ነው። ከሁለቱ እስከ ዛሬ አብሬው ቡና የምጠጣው የትኛውን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም።

በወንጌል ያለው የሁለቱ ወንድማማቾች ምሳሌም ይህንኑ ነው የሚነግረን። አባት ሁለቱን ልጆቹን ወደ ወይን ቦታው እንዲሄዱ አዘዛቸው። አንዱ እምቢ ብሎ ኋላ ተጸጽቶ ሄደ። ሌላው እሺ ብሎ ቀረ። የአባቱን ፈቃድ የፈጸመው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ የተጠየቀው ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ነው። እኛ መልሱን በቃል እናውቀዋለን፤ ልጆቻችንን የምናሳድገው ግን ሁለተኛውን እንዲመስሉ ነው።

ይህን ነገር ይበልጥ እንዳስብበት ያደረገኝ ወላይታ ነው። ሶዶ ገበያ፣ ከዳሞት ተራራ ግርጌ፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ከምትሸጥ አንዲት እናት ፊት ቆሜ ዋጋ እቀንሳለሁ። አዲስ አበባ እንደለመድኩት ግማሹን ጠራሁ። ሴትየዋ ፈገግ ብላ ‹‹አካይ›› አለችኝ። በወላይትኛ ‹‹አይደለም፣ አይሆንም›› ማለት ነው። ትንሽ ጨመርኩ፤ ‹‹አካይ››። ፊቷ አልተቀየረም፣ ድምፅዋ አልጨመረም፣ ‹‹አያዋጣኝም፣ ከሩቅ ነው ያመጣሁት፣ ልጆች አሉኝ›› የሚል ታሪክም አልደረደረችም። ‹‹አካይ›› ብቻ። የጠየቀችውን ከፈልኩ። ይኼኔ ከሌላው ቅቤ ቆንጥራ ምርቃት ጨመረችልኝ። ዋጋውን እምቢ ያለችኝ እጅ ናት ምርቃቱን የሰጠችኝ። እምቢታዋ በዋጋው ላይ እንጂ በእኔ ላይ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ የቀለለ እንዳይመስላችሁ። በዚያው በወላይትኛ ‹‹እጢስ›› የሚል ግሥ አለ። ‹‹እምቢ አለ›› ተብሎም ይተረጎማል፤ ‹‹ጠላ›› ተብሎም ይተረጎማል። አንድ ግሥ ሁለቱንም ይሸከማል። ቋንቋው ይህን ማጣመሩ አይገርመኝም፤ አማርኛ ቃሉን ቢለያየውም ጆሯችን አልለየውም። ‹‹እምቢ›› ስንባል የምንሰማው ‹‹ጠላሁህ›› የሚለውን ነው። የመሥሪያ ቤት አለቃ ‹‹በዚህ አልስማማም›› ያለውን ሠራተኛ በሆዱ ይመዘግበዋል። አባት ‹‹ሕክምና አልማርም›› ያለችውን ልጁን ‹‹ናቀችኝ›› ይላል። መንግሥትም እንደዚሁ ይሰማል። መንግሥት በዚህ ጆሮ ሲሰማ ምን እንደሚከተል ደግሞ ሶዶ በሚገባ ታውቃለች።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ በአንድ ሰሜን ኦሞ በሚባል ዞን ውስጥ ነበሩ፤ መቀመጫው አርባ ምንጭ። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ይላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት እያንዳንዱ ሕዝብ በቋንቋው የመጻፍና ቋንቋውን የማሳደግ መብት አለው ይላል። አራቱ ቋንቋዎች ደግሞ ተቀራራቢዎች ናቸው፤ የቋንቋ አጥኚዎች ኦሜቶ በሚባል አንድ ቤተሰብ ይመድቧቸዋል። ታዲያ አንድ አሳብ መጣ፦ ለአራት ቋንቋ አራት መጽሐፍ ከማሳተም አራቱን ቀላቅለን አንድ እናድርጋቸው! ከአራቱ ስሞች የመጀመሪያ ፊደል ተለቅሞም አዲሱ ቋንቋ ስም ወጣለት፦ ወጋጎዳ።

በወረቀት ላይ አሳቡ እብደት አልነበረም። ወጪ ይቆጥባል፤ ተቀራራቢ ሕዝቦችን ያቀራርባል፤ በዞኑ ቢሮዎች ሥራ ያቀላጥፋል። እኔ እንኳ ከሩቅ ሆኜ ሳየው ‹‹ምን ክፋት አለው?›› ልል እችል ነበር። ክፋቱ የሚታየው ከቅርብ ነው። እስኪ ራሳችሁን በአንድ የሶዶ መምህር ቦታ አስቀምጡ። አዲሱ መጽሐፍ እጃችሁ ገባ። አንዱ ቃል የእናንተ ነው፤ ቀጣዩ የጎረቤት ነው፤ ሦስተኛውን ሰምታችሁት አታውቁም። ይህን ዓረፍተ ነገር እንደዚህ አድርጎ የሚናገር እናት ከዳሞት እስከ አባያ ሐይቅ የለችም። እናንተ ግን ‹‹ይህ የአፍ መፍቻ ቋንቋህ ነው›› ብላችሁ ለሕፃኑ ታስተምራላችሁ። ወላይታ ቋንቋውን ‹‹ወላይታ ዶና›› ይለዋል። ዶና አፍ ማለት ነው። አፍህን ቀይር የተባለ ሰው ምን ይመልሳል? በምንስ አፉ ይመልሳል?

ደግሞ ሕዝቡ በቋንቋው መጻፍ ያልጀመረ ቢሆን አንድ ነገር ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ወላይትኛ አንዱ ነበር። ከ1983 በኋላም የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በወላይትኛ እያነበበ ነበር። ያነበበውን ነው የነጠቁት።

መጀመሪያ እምቢ ያሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ መምህራን። ይህ እንግዲህ ትንሿ እምቢ ናት። በስብሰባ አዳራሽ፣ በሰላም፣ በምክንያት የምትባል እምቢ። ቅድም የወደድኳት ዓይነት። ይህችን እምቢ የሰማ ሹም ብዙ ነገር ያተርፍ ነበር። ምን ሆነ? ተቃውሟቸውን የገለጹ መምህራን ከቦታቸው እየተነሡ ወደ ሌላ አካባቢ እንዲዛወሩ ተደረገ። እምቢ ባዮቹ እምቢተኛ ተባሉ ማለት ነው። በ1991 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ተማሪውና ነዋሪው ሶዶ ጎዳና ላይ ወጣ። መጻሕፍቱ ተቃጠሉ። ጥይት ተተኮሰ፣ ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ታሰሩ። ከዚያ በኋላ መንግሥት መጻሕፍቱን ሰበሰበ፤ ወጋጎዳም ተረሳ። በ1993 ዓ.ም. ሰሜን ኦሞ ፈረሰና ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

ልብ በሉ፤ በአዳራሽ የተባለውና በጎዳና የተባለው ቃል አንድ ነው። የአዳራሹ ቢሰማ የሚያስከፍለው የአንዳንድ ባለሥልጣናትን ኩራትና የማተሚያ ቤት ሒሳብ ነበር። የጎዳናው የሰው ሕይወት አስከፈለ። ውጤቱ ግን ያው ሆነ፤ ወጋጎዳ ቀረ። ታዲያ በመካከል የሞቱት ለምን ሞቱ? ይህ ጥያቄ የወላይታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1952 ዳካ ላይ ቤንጋሊ ቋንቋችን ይከበር ያሉ ተማሪዎች በጥይት ወድቀዋል፤ ኋላ ቤንጋሊ የፓኪስታን አንዱ ብሔራዊ ቋንቋ ሆኗል። ዩኔስኮ ያንን ቀን የዓለም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ብሎ የሰየመው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ሶዶ ጎዳና ላይ በወጣች በዓመቱ ማለት ነው። እንደማስበው ዓለም በዚያ ዓመት ያወቀውን ነገር የሶዶ ተማሪዎች ቀድመው ያውቁት ነበር።

ከዚያ ወዲህም ጥያቄው አልተዘጋም። በ2011 ዓ.ም. የወላይታ ዞን ምክር ቤት ክልል እንሁን ብሎ በሙሉ ድምፅ ጠየቀ። በነሐሴ 2012 የዞኑ መሪዎች ሲታሰሩ ሕዝቡ ወጣ፤ ከ10 የሚበልጡ ሰዎች ተገደሉ። በ2015 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ የወላይታው ተሰርዞ ሰኔ 12 ቀን እንደገና ተሰጠ። ድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ሁለት ምልክት ነበር፤ አዲሱን የጋራ ክልል ለሚደግፍ ነጭ እርግብ፣ ለማይደግፍ ጎጆ ቤት። ዛሬ ወላይታ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የመንግሥት መቀመጫ ናት። ስለ ውጤቱ የሚከራከረው ይከራከር፤ ከሁለቱ ምልክቶች ሌላ ሦስተኛ ይፈልግ የነበረ ሰው እንደነበረም አውቃለሁ። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። በዚህ አገር እምቢ የሚል ሰው ሥዕል ተሰጠው። ጎጆ ቤት! ጎዳና ሳይወጣ፣ ድንጋይ ሳያነሣ፣ እምቢ የሚልበት ምልክት። እምቢታ ቤት ያስፈልጋታል፤ ቤት ያጣች እምቢ ጎዳና ላይ ነው የምታድረው።

ወደ ኋላ ሄደን ብናይ ግን ለእምቢታ ቤት የመስጠት ልማድ የለንም። የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. ሲፈረም የጣሊያንኛው 17ኛ አንቀጽ ኢትዮጵያን በሞግዚት የሚያስገባ ሆኖ ተገኘ። ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን እንደማይቀበሉት ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቁ። የታወቀ፣ የተከበረ እምቢታ ነው። በ1887 ዓ.ም. ደግሞ እኚሁ ንጉሠ ነገሥት ጦራቸውን ወደ ወላይታ መሩ፤ የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና አልገብርም ብለው ነበርና። ዘመቻውን አብሮ ሄዶ ያየው ቫንደርሃይም የሚባል ፈረንሳዊ ስለ ጭፍጨፋው፣ ስለ ተማረከው ሰውና ከብት ብዛት ጽፎ አሳትሟል። ካዎ ጦና ቆስለው ተያዙ። ከዚያ ዓመት ከሦስት ወር ያህል ቆይቶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ሆነ።

ይህን የማነሣው የዓድዋን ክብር ለመቀነስ አይደለም፤ ዓድዋ የወላይታም ክብር ነው። ነገር ግን ሦስቱን ዓመተ ምሕረቶች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ደግ ነው። አንድ ሰው ለሮም እምቢ ሲል ትክክል ከሆነ፣ ሌላው ለእሱ እምቢ ሲል ቢያንስ ምክንያቱ ሊገባው ይገባ ነበር። የሚያሳዝነው እንዲህ ዓይነቱ ነገር የሚገባን ከመቶ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ አንባቢ ‹‹ቆይ እንጂ፣ የጅማው አባ ጅፋርስ?›› ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው። አባ ጅፋር እሺ ብለው ገበሩ፤ ጅማም ጦር ሳይረግጣት በውስጥ አስተዳደሯ እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ ቆየች። እሺታቸው ብዙ ነፍስ አድኗል። አባ ጅፋርን ፈሪ፣ ጦናን ጀግና ብሎ በአንድ ቃል መደምደም ለፎካሪ ይሆናል እንጂ ለሚያስብ ሰው አይሆንም። የንጉሥ እምቢታ የራሱን አንገት ብቻ አያስከፍልም፤ አልተጠየቀም እንጂ ገበሬውም ይከፍላል። ስለዚህ እምቢ ሁሉ ቅዱስ ነው አልልም። የምለው፣ እሺና እምቢን መመዘን የሚቻለው ሁለቱም ሊባሉ ሲችሉ ነው። በእምቢታ ዋጋው እልቂት በሆነበት ቦታ እሺታን ‹‹ስምምነት›› ብለን መጥራት የለብንም።

የጦርና የመንግሥት ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። እምቢታ ክፉኛ የተጨቆነችው በየጓዳው ነው። ‹‹ሴት ልጅ እምቢ ስትል እሺ ማለቷ ነው›› ሲባል ስንቴ ሰምታችኋል? እንደ ቀልድ ነው የሚነገረው። በጠለፋ የተወሰደች ልጅ ግን ያ ቀልድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ጮኻ፣ ታግላ፣ ነክሳ ያለችው እምቢ እንደ ሥርዓተ ሠርግ ተቆጥሮባታል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንኳ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። ሽማግሌ ይላካል፣ ቤተሰብ ይታረቃል፣ ክሱ ይሞታል። የልጅቱስ እምቢ? እሱ በማንም ደብተር አልተጻፈም። ያ ቀዳዳ የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. በጸናው የወንጀል ሕግ ነው። የአንዲት ልጅ ሦስት ፊደል ሕግ ፊት እስኪደርስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ወሰደበት።

እንግዲህ ጥያቄው እንዴት እምቢ እንበል የሚለው ብቻ አይደለም፤ እንዴት እንስማት የሚለውም ነው። ለተናጋሪው የሚከብደው ጥላቻ ሳይጨምሩ እምቢ ማለት ነው። ለሰሚው የሚከብደው ጥላቻ ሳይጨምሩ መስማት ነው። ሁለቱም እንደሚቻል ያየሁት በዚያው በደቡብ፣ ከወጋጎዳ አራት ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከጋሞ ዘንድ በሆነ ነገር ነው።

መስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩና አካባቢዋ ላይ ብዙ የጋሞ ተወላጆች ተገደሉ፣ ተፈናቀሉ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ለበቀል ተነሣ። ቁጣው ምክንያት ነበረው፤ ዒላማ የሆኑት ግን በከተማዋ የሚኖሩ ምንም ያላደረጉ ሰዎች ናቸው። የጋሞ አባቶች ወጡ። ዱላ አልያዙም፤ እርጥብ ሣር ይዘው ከሚንጋጋው ወጣት ፊት መንገድ ላይ ተንበረከኩ። በባሕሉ ሣር የያዘ አባት አልፎ መሄድ አይቻልም። ወጣቱ ቆመ፤ ተመለሰም።

እስኪ ያን ነገር በቃል ተርጉሙት። ‹‹እምቢ›› ነው። ‹‹አታልፉም፣ አይሆንም፣ አሻፈረኝ›› ነው። ከዚህ የበለጠ ደረቅ እምቢታ ከየት ይመጣል? የተባለው ግን ለጠላት አይደለም፤ ለገዛ ልጆቻቸው ነው። የተባለውም ቆሞ በጣት እየጠቆሙ ሳይሆን ተንበርክኮ ነው። አባቶቹ ልጆቹን ቢጠሏቸው ኖሮ ዝም ብለው ያሳልፏቸው ነበር። እምቢ ያሉት ስለወደዷቸው ነው። ልጆቹም እምቢታውን ‹‹ጠሉን›› ብለው አልሰሙትም፤ ቢሰሙት ኖሮ ረግጠዋቸው ባለፉ ነበር።

እኔ ይህን ሳስብ ያ የወላይትኛ ግሥ ትዝ ይለኛል፤ እምቢታንና ጥላቻን በአንድ ቃል የያዘው። ቃሉ ያው ይኑር፤ ከሁለቱ አንዱን መርጦ መስማት የእኛ ፋንታ ነው። ነገ ልጃችሁ፣ ሠራተኛችሁ፣ ሚስታችሁ ወይም ባላችሁ ፊት ለፊት ቆሞ ‹‹እምቢ›› ሲላችሁ፣ ‹‹እምቢተኛ!›› ከማለታችሁ በፊት አንዲት ነገር አስቡ። ይህ ሰው ‹‹እሺ፣ ነገ›› ብሎ ሊያታልላችሁ ይችል ነበር። ሊሸሻችሁ ይችል ነበር። በሆዱ ይዞ ጎዳና የሚወጣበትን ቀን ሊጠብቅ ይችል ነበር። እነዚህን ሁሉ ትቶ ፊታችሁ ቆሞ ነገራችሁ። ‹‹ለምን?›› ብላችሁ ጠይቁትና መልሱን አዳምጡ።